ስድስት ደቂቃ ያለ እትዬ ብርነሽ

ማክሰኞ

ድምፄ አስጠላኝ። ፊቴን ለምጄዋለሁ፣ ድምፄን ግን ዛሬ ከሰው ስልክ ውስጥ ሲወጣ ሰማሁት።

ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ከፍታ ታያለች፤ ኢርፎን አላደረገችም። «ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!» የሚል ለቅሶ ታክሲውን ሞላው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለና «እናት፣ ሟቹ ወንድ ነው ሴት?» ከዚያ የሕዝብ ሳቅ። ልጅቷ ሳቀች። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየና እሱም ሳቀ፤ «ድገሚው እስቲ» አላት። ደገመችው። እኔ ስካርፌን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩና እስከ ቤት በመስኮት ሳይ መጣሁ።

በኋላ ራሴን እንዳልሸነግል እውነቱን ልጻፈው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎሮ ሶፋ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቦሌ፣ ሚኪ ላውንጅ ውስጥ ማይክ ይዤ ቀልድ እናገራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚስቅልኝ የራሱ የሚኪ አስተናጋጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ስለሚያዝንልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የለቅሶ ቤቷን ሴትዮ አመጣሁ፤ የላውንጁ ባለቤት ሚኪም ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቃት። ኮንዶሚኒየም ሳይታችን ውስጥ ያለ ለቅሶ የማያመልጣት፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ከደጅ ጀምራ የምትጮህ ሴትዮ። ስም አልጠራሁም። ነጠላዋን ግን እንደሷ አዘቀዘቅሁ፣ በግራ እግሬ እንደሷ አነከስኩ። እኛ ብሎክ ላለ ሰው ስም መጥራት አያስፈልግም። ከእኛ በላይ አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ብርነሽ ናቸው።

ዛሬ ሚኪ ጠርቶኝ ነበር። ቅዳሜ ከቴሌቪዥን አንድ ሰው ይመጣል፤ ከሦስታችን አንዱን ለሳምንታዊ ፕሮግራም ይመርጣል። ለእያንዳንዳችን ስድስት ደቂቃ። ሚኪ አፉ ውስጥ በርገር እያለ ነው የሚያወራው። «ሌላውን እርሺው፣ ሴትዮዋን ብቻ ስጪን። ኮንቴንት ናት» አለኝ፤ የከንፈሩ ማዮኔዝ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እሺ አልኩት። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት፤ ይህንንም ልጻፈው። እስከ ታክሲው ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደለ መጥተው ነበር። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት የጋራ ቤታችን ኮሚናሉ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ፊት እንድቀርብ። ከሳሽ እትዬ ብርነሽ።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ ደንበኛ ስለሌለ ባለ ሦስቱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ አዲስ ነገር ልጽፍ ሞከርኩ።

– የታክሲ ሰልፍ። (ሁሉም ተናግሮታል። ሰልፉ ራሱ ሰልችቶታል።)
– የኮንዶሚኒየም ውሃ። (ከታክሲው ሰልፍ በፊት ያለቀ።)
– አማት። (አላገባሁም።)
– ሶፋ ላይ ለመቀመጥ ብቻ በየሳምንቱ የሚመጡት ባልና ሚስት። (ሊሆን ይችላል። አንድ ደቂቃ።)

ሁሉም የትናንት ወጥ ይሸታሉ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ማታ አካባቢ እማዬ ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እትዬ ብርነሽ ለቅሶ ቤት ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ ነበር። ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ካርታ የሚጫወቱት ወጣቶች በሳቅ ፈነዱ። የሟች ልጅ እንኳን ነጠላዋን ነክሳ አቀረቀረች። እትዬ ብርነሽ አልተቀመጡም። እማዬ ተከትላቸው ወጣች፤ አምስት ፎቅ ደረጃውን ይዘው እያረፉ ወጡ።

እማዬ ይህን ጨርሳ «አባትሽ ሲሞት ማን ነው መጀመሪያ የመጣው?» አለችኝ።

አውቃለሁ። ድንኳኑ ሳይተከል፣ ዘመዶቻችን ገና ከየሰፈሩ ሳይነሱ፣ እሳቸው ነበሩ የመጡት። አክስቴን ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ስማቸው ማን ነበር?» ሲሉ ሰማኋቸው። ሦስት ዓመት በላያችን ኖረው የአባቴን ስም አያውቁም ብዬ ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩት። ቀልዱ ከዚያ ነው የመጣው። ወንድ ነው ሴት የሚለውን በኋላ እኔ ጨመርኩበት። አባቴ አልጋው ላይ ነበር ያኔ። ገና አልተገነዘም።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ሳነበው የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር እለው ነበር።

ሐሙስ

ኮሚናሉ በግ ማረጃ ነው ተብሎ የተሠራ ቤት ነው። ጣሪያው ላይ አሁንም ሥጋ መስቀያው ብረት አለ። ሦስት ሽማግሌዎች የእድሩ ወንበር ላይ፣ እማዬ በአንድ በኩል፣ እትዬ ብርነሽ በሌላ በኩል። እትዬ ብርነሽን ሰላም አልኳቸው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ እንደ ወትሮው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ጠይቄ ቶሎ ልወጣ አስቤ ነበር። ጋሽ ታደለ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ነገር በቅደም ተከተል ነው የሚወዱት። በደሉ ሳይሰማ ይቅርታ የለም አሉ። አንዱ ሽማግሌ «ቪዲዮውን በልጄ ስልክ አይቼዋለሁ» ሲሉ እትዬ ብርነሽ አቋረጧቸው።

«እኔ አላየሁትም። እንዲህ ያለ ስልክ የለኝም። ሰው ሲያወራው ነው የሰማሁት። እዚሁ ታድርገውና ልየው።»

እማዬን አየኋት፤ መሬት ታያለች። ጋሽ ታደለ «ተነሺ» አሉኝ።

ሠራሁት። በቀን ብርሃን፣ ያለ ማይክ፣ ሥጋ መስቀያው ሥር፣ ከራሳቸው ፊት ሁለት ሜትር ርቄ ነጠላ በሌለው ትከሻዬ ነጠላ አዘቀዘቅሁ፣ አነከስኩ፣ «ወንድሜን» አልኩ። ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። «ሟቹ ወንድ ነው ሴት?» ስል ዳር ያሉት ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸውና ወደ ሳል ቀየሩት፤ ሳሉ ረጅም ነበር። ከሳቃቸው ሳላቸው ይበልጥ አሳፈረኝ። ሚኪ ቤት ወርቅ የነበረው ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም አልነበረም። አንዲት ጤነኛ ወጣት እንደ አንዲት አሮጊት ስታነክስ ብቻ ነው የሚታየው።

እትዬ ብርነሽ እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ «እግሬን አሳመርሽው። ከዚህ በላይ ነው የማነክሰው» አሉኝ።

ማንም አልሳቀም። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ሳይጮኹ፣ ሳያለቅሱ፣ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው። ሳይጠይቁ ለቅሶ ገብተው አያውቁም። በሩ ላይ ከጥበቃው ይጠይቃሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ በሕመም ነው በድንገት፣ እናት በሕይወት አለች የለችም፣ ሃይማኖታቸው ምንድነው። ልጅ የሞተበት ቤትና አሮጊት የሞተችበት ቤት አንድ ዓይነት አይለቀስም። የአባቴን ስም ያኔ የጠየቁት እንዳይሳሳቱ ነው። «በአንቺ ስም፣ የፍሬ አባት እያልኩ ነው የኖርኩት። በስማቸው ላልቅሳቸው ብዬ ነው» አሉ።

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩን። ከልደታ ተነስተው እዚህ በገቡ በአራተኛው ወር ባለቤታቸው ሞቱ። ሳይቱ አዲስ ነው፣ ማንም ማንንም አያውቅም፣ እድር የለም። ስልሳ ወንበርና ድንኳን ተከራዩ።

«ስምንት ሰው መጣ» አሉ። «ከስምንቱ ሁለቱ ድንኳኑን የተከሉት ልጆች ናቸው። አይተው አዝነው ተቀመጡልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ እያለሁ እዚህ ሰፈር ባዶ ወንበር እያየ የሚያለቅስ ሰው አይኖርም አልኩ።»

እማዬ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ለማልቀስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ስስም እጃቸው ራሴ ላይ ዐረፈ፣ ግን ቶሎ አነሱት።

ውሳኔው፦ ስማቸውን፣ እግራቸውን፣ ለቅሷቸውን መድረክ ላይ እንዳላነሳ። ቪዲዮው እንዲጠፋ እንድጠይቅ። ዋስ እንድጠራ። ማን ለእኔ ዋስ ይሆናል? እማዬ ተነሳችና «እኔ ነኝ» አለች። ቃሌን ካፈረስኩ ከእድሩ የምትወጣው እሷ ናት። የአባቴን ድንኳን የተከለ እድር ነው። እሷንም ነገ የሚቀብራት።

ዓርብ

ለሚኪ ደወልኩለት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ብሎኩን ቀይሪው አለኝ። ከዚያ ወንድ አድርጊያት አለኝ። ቪዲዮውን አላጠፋም፣ በወር አንዴ የሚገኝ ነገር አይደለም አለ። እኔ እምቢ ስል ድምፁ ተለወጠ።

«ያለ እሷ አንቺ ማን ነሽ?»

ይህን ያለኝ የማዮኔዙ ሰውዬ ነው። ሶፋ ሻጭ ነኝ ማለት ነበረብኝ።

ያለኝ ነገር፦ ባልና ሚስቱ ሶፋ ላይ፣ አንድ ደቂቃ። ምናልባት አንድ ከሃያ። የጎደለኝ አምስት ደቂቃ ገደማ። እማዬ እራት ስታቀርብ «ካፍሽ ቢያመልጥሽስ?» አለችኝ። አያመልጠኝም አልኳት። ዋስ የሆነችው እሷ ስለሆነች የምትፈራው እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ ለማደፋፈር እየዋሸኋት ነው። ራሴን አላምነውም። ሰው ሳቅ ሲጠብቅ ራሴን አላምነውም።

ቅዳሜ

አሥር ሰዓት ላይ ነበር ሾዉ። አሁን ቤት ነኝ፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በሩ ላይ ቆምኩ። ሁለት ዓመት በዚያ በር ስገባ ጥበቃውን ሰላም ብዬው አላውቅም። ማን ማን ነው ውስጥ ያለው አልኩት። ገርሞት አየኝ። ሁለት ትልልቅ ጠረጴዛ የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ ልደት፣ ጥግ ላይ ጥቁር የለበሱ አራት ሴቶች፣ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ከሚኪ ጋር ፊት ለፊት። «አብዛኛው ለለቅሶዋ ሴትዮ ነው የመጣው። እኔንም ጠይቀውኛል፣ ዛሬ ትሠራታለች ወይ ብለው።»

ቢያንስ ማን ፊት እንደምቆም አወቅሁ።

ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የክፍለ ሀገር ሰው አነጋገር እያጣመመ ስድስት ደቂቃ ሞላ። አንድ ትንፋሽ ሐሳብ የለበትም። ሕዝቡ ጠረጴዛ ደበደበ። እዚያ ቆሜ ሳየው ያስጠላኝ እሱ አልነበረም፤ የእኔም ሥራ ከእሱ አንድ ጣት እንደማይርቅ አየሁ።

ወጣሁ። የሶፋውን ጀመርኩ። ሞተ። ሳልጨርሰው ሞተ፤ ማንም አልሳቀም። አንዱ የባንክ ሠራተኛ «ለቅሶዋን!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ጠረጴዛ ሁሉ፣ እያጨበጨበ፣ «ለቅሶዋን! ለቅሶዋን!» ሚኪ ከታች እጁን ያወዛውዛል፣ ስጪያቸው። ስልኮች ወደ ላይ ወጡ።

ይህን እማዬ እንዳታነበው እንጂ፣ ግራ እግሬ ሳላዘው ታጠፈ። ገና ግማሽ እርምጃ ሳነክስ ሕዝቡ ገብቶት ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰው በልቶት አይጠግብም። «ወንድሜን» ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። እማዬ ኮሚናሉ ውስጥ ስትነሳ ወንበሯ ያሰማው ድምፅ ትዝ አለኝ፤ እሱ ነው ያቆመኝ። እግሬን ቀጥ አደረግሁ።

«ሴትዮዋ ዛሬ አልመጡም። እኔ ነኝ ያለሁት» አልኩ። «ስለ እኔ ለቅሶ ልንገራችሁ።»

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አፌን ከፈትኩና አባቴ ወጣ። አባቴ የሞተ ዕለት ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ ስልኬ ላይ ቀልድ እጽፍ እንደነበር ነገርኳቸው። አክስቴ «ምስኪን፣ ለሰው እያረዳች ነው» ብላ ራሴን ስትዳብስ እኔ የምጽፈው «አጎቴ ንፍሮ ሦስቴ ወሰደ» የሚል ነበር። አንዳንድ ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ። ጥቁር የለበሱት ሴቶች አልሳቁም። እነሱን እያየሁ ቀጠልኩ። መቃብሩ ላይ እንባ እምቢ አለኝ፤ ዘመድ ሁሉ ያየኛል፣ የሟች ልጅ እንዴት አታለቅስም ብሎ። ያን ጊዜ ስልኬ ከእጄ አመለጠና ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ጮህኩ። ከልቤ ጮህኩ። ወዲያው ስድስት ሰው አቀፈኝ፣ «አዎ፣ አውጪው፣ ይውጣልሽ» እያለ።

ጥቁር ከለበሱት አንዷ አፏን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ትስቅ ነበር። ከዚያ ሦስቱም። ከዚያ ቤቱ። ይህኛው ሳቅ ጠረጴዛ የሚደበድብ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ነው፣ መሀሉ ላይ ዝምታ አለበት። «አባቴ ቢኖር ያፍርብኝ ነበር። ስሙ ከበደ ነው። እኔ ራሴ በስሙ አላለቀስኩትም» ብዬ ማይኩን መለስኩ። ስድስት ደቂቃ አልሞላም።

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ጎበዝ ነሽ አለኝ፣ ግን ለቤተሰብ ፕሮግራም ትንሽ ይከብዳል። የለቅሶዋን ሴትዮ የምትሠሪልን ከሆነ ግን ማክሰኞ እንቀርጻለን። አልችልም አልኩት። አነጋገር አጣማሚውን መረጠ። ሚኪ ልወጣ ስል አፉን በሶፍት እየጠረገ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ደቂቃ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

እሁድ

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እትዬ ብርነሽ አብረዋት ነበሩ። ደረጃው ላይ ተገናኘን።

እትዬ ብርነሽ «ስሜን አነሳሽ ወይ?» አሉኝ። አላነሳሁም። «እግሬንስ?» እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ግማሽ እርምጃ አነከስኩ፣ ከዚያ አቆምኩ አልኳቸው። እማዬ የደረጃውን ብረት ያዘች። አሁን ወጣች ከእድሩ፣ በእኔ ምክንያት፣ ብዬ አሰብኩ።

እትዬ ብርነሽ «ግማሽ ከሆነ ለጋሽ ታደለ አይነገርም» አሉ። ሁለት ደረጃ ከወጡ በኋላ ዞሩ። «ነገ ከኮሚናሉ ጀርባ ያለው ብሎክ ለቅሶ አለ። እኔ ከእንግዲህ ብቻዬን አልገባም። አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ።»

ሰኞ

ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁ። ክንዴን ይዘው ቀስ እያልን ሄድን። እውነታቸውን ነው፣ እኔ ከማነክሰው በላይ ያነክሳሉ።

በሩ ላይ ጥበቃውን ያዙት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመሙ፣ የቤቱ ሰዎች ማን ማን ናቸው። ፕሮቴስታንት ናቸው አላቸው፣ ከደቡብ የመጡ። እትዬ ብርነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነጠላቸውን እንደገና አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የተዘጋጀውን ጩኸት ወደ ውስጥ መለሱት። ዓይኔ እያየ ሌላ ሰው ሆኑ። «እዚህ ይዘመራል እንጂ አይጮህም። እኔ እንደማደርገው አድርጊ» አሉኝ። እኔ ሁለት ዓመት ለሶፋ ገዢም፣ ለልደትም፣ ለባንክም አንድ ዓይነት ነገር ስጮህ ኖሬ።

ስንገባ ድንኳኑ ዝም አለ። የሚያውቁኝ አሉ። አንዷ ልጅ ጓደኛዋን በክርኗ ነካችና ዓይኗ ከእሳቸው ወደ እኔ ሄደ፤ ቀልድ ልትለቅም መጣች ነው የሚለው ፊቷ። ተገቢዬ ነው። ፊት ተቀመጥን። መዝሙር ጀመሩ፤ እትዬ ብርነሽ አያውቁትም፣ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቃል ዘግይተው። ሰዉ እሳቸውን ማየት ተወና ወደ መዝሙሩ ተመለሰ። ክንዴን የያዘው እጃቸው ላላ።

ያን ጊዜ ነው በሩ ላይ የተባለውን ስም እንደረሳሁት ያወቅሁት። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «ስማቸው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እትዬ ብርነሽ ፊት ለፊት እያዩ፣ ከንፈራቸው ሳይነቃነቅ፣ «ወንድ ነው» አሉኝ።

ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን ነከስኩ። ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አልቆም አለኝ፣ እንባዬ ወረደ። ከኋላዬ የማላውቃት ሴት እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ «አይዞሽ፣ አውጪው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የእውነት ለቅሶ መጣ፤ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስሙንም አውቃለሁ። እትዬ ብርነሽ ትንሽ ቆይተው የሟቹን ሙሉ ስም፣ ከነአባታቸው፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

ስልኬን አላወጣሁም። እዚህ ግን ጻፍኩት። የእሳቸው ቀልድ ነው፣ ከእኔ ይበልጣል፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰባት ደቂቃ አለኝ። እንዲህ ማሰቤ ራሱ ይቀፈኛል። ነገ አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ ፈቃድ ልጠይቃቸው ይሆን? እምቢ እንዳይሉኝ እፈራለሁ። እሺ እንዳይሉኝም እፈራለሁ።